የሰረቅሁት ሐሙስ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዘልዬዋለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ፊታቸው ቀርቤ ጎረቤት ማማቴን ተናገርሁ፤ ቅቤ ስሸጥ በሐሰት መማሌን ተናገርሁ፤ አንድ ረቡዕ ረስቼ ወተት መቅመሴን ሳይቀር ተናገርሁ። «ሌላስ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ሌላ የለም፣ አባ» አልሁ። ነበረ። ምላሴ ሥር ነበረ። ዋጥሁትና መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

አሁን የምጽፈው በልጄ አሮጌ ደብተር ላይ ነው። ከፊት በኩል የእሷ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አለ፤ ከኋላ በኩል የእኔ ኃጢአት። እኔ ትምህርት ያቋረጥሁት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ከገደፍሁ እለፉኝ። ነገሩን ግን አትለፉኝ። የምታነቡት እናንተ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ካህን እንደሚሰማ ስሙኝ፤ ለመፍታት ግን አትቸኩሉ።

ነገሩ ይህ ነው። አንዲት ሴት፣ ዓይኗ ሳይጠፋ፣ የወለደቻትን ልጅ ፊት የምታይበት አንድ ቀን ነበራት። ያንን ቀን እኔ ሰረቅኋት። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

የምኖረው ነቀምቴ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ የዲጋ ሰው አግብቼ፣ ቅቤ ተራ ተቀምጬ ጸጉሬ ሸብቷል። ባሌ ገመቹ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። ሰባት ዓመት ስንኖር ልጅ አላገኘንም። ያልሄድሁበት ጠበል የለም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ስንጣላ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሆድሽ ድንጋይ!» አለችኝ። ሴትዮዋ ዛሬ የለችም፤ ቃሏ ግን አለ።

የገመቹ ታናሽ እህት አያንቱ ትባላለች። ያለችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዲጋ ገጠር ነው። እሷ በየሁለት ዓመቱ ትወልድ ነበር። አምስተኛዋን ስትወልድ ወንድሟን ጠርታ «ይቺ የእናንተ ትሁን» አለችው። የኦሮሞ ወግ ነው፤ ጉዲፈቻ ይሉታል። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ እርጥብ ሣር ተያዘ፣ ሕፃኗ ግንባሯን ቅቤ ተቀባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ወለድኋት ሆነች። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ልጅቱ ልጅሽ ናት። የወለደቻትን ግን በር እንዳትዘጊባት።» «አልዘጋም» አልሁ። ሣሩን በእጄ ይዤ ነው ያልሁት።

ስሟን ሲፈን አልናት። አያንቱ አንድም ቀን «ልጄ» ብላ ጠርታት አታውቅም። ይህን እመሰክርላታለሁ። «ኢንተላ ኬኛ» ነው የምትላት፣ ልጃችን ማለቷ ነው። ሲፈን እኔን «እማዬ» ትለኛለች፣ እሷን ደግሞ የአባት እህት እንደሚባለው «አዳዳ» ትላት ነበር። ታዲያ ምን ጎደለኝ? ምንም አልጎደለኝም። ግን እኔ የማልቆጥረው ነገር የለም። «ልጃችን» ስትል «ችን» የሚለው ይቆረቁረኝ ነበር። ሲፈን ስትስቅ የፊት ጥርሷ መሐል ፍንጭት አላት፤ የአያንቱ ፍንጭት ናት። ልጅቱ በሳቀች ቁጥር አያንቱ ቤቴ የገባች ይመስለኛል። ሰው በልጁ ሳቅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ሲፈን የሆቴል ሙያ ተማረች፣ አዲስ አበባ ሠራች፣ አምና ኅዳር ላይ ደግሞ መርከብ ላይ ተቀጠረች። ዕቃ የሚጭን መርከብ አይደለም፤ ሀብታም ሰዎች ለመዝናናት የሚሳፈሩበት፣ አገር ላገር የሚዞር ትልቅ መርከብ ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጄ የመንገደኞቹን ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ከመሄዷ በፊት ስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫነችልኝ። ስነካው ባሕር ይከፈታል፤ ባሕሩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀስት አለች። «እማዬ፣ ይቺ ቀስት እኔ ነኝ» አለችኝ። ቀስቷን ስነካት ጽሑፍ ይወጣል፤ መርከቧ አሁን ያለችበት፣ ፍጥነቷ፣ የምትሄድበት ወደብ፣ የምትደርስበት ቀን፣ ርዝመቷ፣ ስፋቷ፣ የተሠራችበት ዓመት። እንግሊዝኛውን ባላውቅም ቁጥሩን አውቃለሁ። ሲፈን ቃሎቹን አንድ በአንድ በአማርኛ ጽፋ የስልኩ ሽፋን ውስጥ አስገብታልኝ ሄደች።

አያንቱ ያላት የቁልፍ ስልክ ነው፤ የሲፈን መልእክት የሚደርሳት በእኔ በኩል ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤዋን ይዛ ከዲጋ ትመጣለች፤ ገና ሸክሟን ሳታወርድ «ያ ዘነቡ፣ ኢንተላ ኬኛ የት ደረሰች?» ትለኛለች። ዘነቡ እኔ ነኝ። ስልኩን አውጥቼ አነብላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር። የልጅቱን መንገድ የማውቅ እኔ፣ የምጠየቅ እኔ። እሷ በማሕፀኗ ብታውቃት እኔ በቀስት አውቃታለሁ እል ነበር በልቤ።

አንድ ቅዳሜ ርዝመቷን አነበብሁላት፤ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሜትር። «በእርምጃ ስንት ነው?» አለችኝ። እኔስ ምን አውቄ? ተነሥተን ለካነው። ሦስት መቶ እርምጃ ይሁን ብለን ከቅቤ ተራው ጫፍ የአስፋልቱን ዳር ይዘን ጀመርን። አያንቱ ጮክ ብላ በኦሮምኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በልቤ በአማርኛ። ከጎኔ ቅቤ የምትሸጠው ብዙነሽ አየችንና፣

«ምነው፣ ማዘጋጃ ቤት ነው የላካችሁ? ቤት ልታስፈርሱብን ነው?» አለች።

«መርከብ እየለካን ነው!» አልኋት።

«መርከብ? ነቀምቴ ላይ? ውኃውስ?»

አያንቱ ሳትቆም «ውኃውን አንቺ ቅጂልን!» አለቻት።

«ቧንቧው ከጠፋ ሳምንቱ! መርከባችሁ እዚሁ ደርቃ ትቀራለች!»

ተራው ሁሉ ሳቀ። ሦስት መቶኛው እርምጃ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ አለቀ። አያንቱ ዞር ብላ የመጣንበትን አየች። አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች፣ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው። ዓይኗ መታመሙን ያኔ ነው ያወቅሁት። ቀጥታውን እንጂ ዳርና ዳሩን አታይም ነበር። «ይኼ ሁሉ እሷ ናት?» አለች። «ይኼን ሁሉ ነው ልጃችን የምትጠርገው?» እንባዋ መጣ። ሴቶቹ «አይ እናት!» አሉ።

እናት ያሉት እሷን ነው። እኔም ሦስት መቶ እርምጃ አብሬ ሄጃለሁ። እኔን ማንም እናት አላለኝም።

በጥር ሐኪም ቤት ወሰድኋት። እኔ ነኝ የወሰድኋት። ዶክተሩ ግላኮማ ነው አለ። ዓይኗ ውስጥ ግፊት አለ፤ የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ጥቂት ቢያቆይላት ነው። «ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አሁን እይው፣ እናቴ» አላት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ይህን ያዙልኝ። ሰምቻለሁ።

ለሲፈን በድምፅ መልእክት ነገርኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ አያንቱ ሆነ። ጠብታዋን አደረገች ወይ፣ ማን ያደርግላታል፣ ብቻዋን መንገድ ትሄዳለች ወይ። አንድ ቀን ደግሞ «አዮ እንዴት ናት?» አለች። አዮ! በወለጋ አዮ ማለት እናት ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አዳዳ ስትላት የኖረችውን፣ ዓይኗን ስላመማት አዮ አለቻት። ያችን መልእክት ደጋግሜ አዳመጥኋት። ተሳስታ ይሆን? በሚቀጥለው ሳምንትም አዮ አለች። ከዚያ በሰው ሁለት ሻሽ ላከችልን፣ አንድ ዓይነት ቀለም። አልጋ ላይ ዘርግቼ አንዱን ባንዱ ላይ ለካኋቸው። እኩል ነበሩ። እኩልነታቸው ይበልጥ አናደደኝ። ጡጦ ይዤ ያደርሁት እኔ፣ ኩፍኝ ሲይዛት አዝዬያት የሮጥሁት እኔ፣ አሁን ከአያንቱ ጋር እኩል?

ቅናቴ የዚያን ጊዜ ጀመረ ብላችሁ አትመኑኝ። ከሣሩ ቀን ጀምሮ ነበረ። ያኔ ስም አገኘ እንጂ።

በየካቲት መጀመሪያ ሲፈን እንዲህ ብላ ላከችልኝ። «እማዬ፣ መርከቧ ሞምባሳ ትቆማለች። ሰዓታቸው ከእናንተ ጋር አንድ ነው። እኔም እስከ ቀትር ፈቃድ አለኝ። ባሕር ላይ እንደሆን የምስል ጥሪ አይሠራልኝም፤ ያኔ ግን ወርጄ እደውላለሁ። አዮን ከዲጋ አስመጪልኝ። ፊቴን ላሳያት፣ መርከቧንም ከውጭ ላሳያት። ከዚያ ወዲያ የምንሄድበት አገር እናንተ ስትነቁ እኛ የምንተኛበት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን አላገኝም።»

አፑን ከፈትሁ። የምትደርስበት ቀን ተጽፏል፤ በፈረንጅ አሥራ ስድስት። ግድግዳዬ ላይ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አለ፤ የእኛንና የፈረንጁን ጎን ለጎን ያሳያል። በየካቲት የእኛና የእነሱ ቁጥር በሰባት ቀን ይለያያል። የእነሱ አሥራ ስድስት የእኛ ዘጠኝ ነው፤ ሐሙስ ይውላል። የእኛ አሥራ ስድስት ደግሞ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ ኪዳነ ምሕረት። ሁለት ሐሙስ፣ አንድ ቁጥር። በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኝን ከበብኋት። ትክክለኛዋን! እጄ አልተሳሳተም። ልቤም አልተሳሳተም።

ቅዳሜ አያንቱ መጣች። «መቼ ነው?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ቀስቷን አየሁ። ሐሙስ ጠዋት ቤቴ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ታየኝ። ሲፈን «አዮ» ስትል። አያንቱም በመጨረሻ አንደበቷ ተፈትቶ «ልጄ» ስትል። ፍንጭት ከፍንጭት ጋር ሲሳሳቅ። እኔ ደግሞ መሐላቸው ስልክ ይዤ፣ እንደ ግድግዳ ምስማር።

«አሥራ ስድስት ነው» አልኋት። «የሚመጣው ሐሙስ አይደለም፤ የዚያኛው። የኪዳነ ምሕረት ዕለት።»

«የዚያኛው ሐሙስ» አለች። በጣቶቿ ቆጠረች። እጄን ስባ ሳመችኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አልጮህሁም፣ እጄን አላነሣሁም። አንድን ቀን በሳምንት ወደ ፊት ገፋ አደረግሁ። ሌባ መስኮት ይሰብራል፤ እኔ ምን ሰበርሁ? ምንም። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ።

የካቲት ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ገበያ አልወጣሁም። ፊቴን ታጥቤ፣ አዲሱን ሻሽ አስሬ፣ ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ ተቀመጥሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ጠራ። ሲፈን ስልኩን ሞልታ መጣች። ከስታለች። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ ግንባሯ የአያንቱ ነው።

«እማዬ! አዮስ?»

እማዬ ካለች በኋላ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። እዚህ ላይ ሁለተኛውን አደረግሁ፤ ከፊተኛው ይብሳል። «ነግሬያት ነበር፤ አልመጣም አለች» አልሁ። «ሥራ አለብኝ አለች። ምን ያደርግልኛል፣ ድምፅዋን ከሰማሁ ይበቃኛል አለች።»

ፊቷ ወደቀ። «ምን ያደርግልኛል አለች?»

«ያው ታውቂያት የለ፣ የገጠር ሰው» አልሁ።

የገጠር ሰው! እኔስ ማን ነኝ? እሷ የናጠችውን ቅቤ ሸጬ የምኖር አይደለሁም?

ሲፈን ስልኳን አዞረችው። መርከቧን አሳየችኝ። ነጭ ናት፤ ወዲያ ጫፏ አይታይም፤ መስኮት በመስኮት ላይ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ። ቁጥሯን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ስፋቷን፣ ውኃ ውስጥ የገባው ስንት ሜትር እንደሆነ። ቁጥር ግን እንዲያ አያስደነግጥም። «የእኔ ክፍል ከታች ነው፣ ከውኃው በታች፤ ከዚህ አይታይም» አለችና ሳቀች። ያንን ሁሉ ብቻዬን አየሁ። ደስ አለኝ ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ደስ አለኝ።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያንቱ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታለች፤ እንደኔ ሻሽ ያለ ሻሽ አስራለች፤ ጭኮ ሠርታ በቅል ይዛ መጥታለች።

«በስልክ አይበላም» አልኋት።

«ትየው» አለች። «ለሷ ብዬ መሥራቴን ትይ።»

ስልኩ ፊት አስቀመጥኋት። ቅሉን ከፍታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ጠበቀች። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት አለፈ። አንድ ጊዜ ብቻ «ስልኩ አልተኛም?» አለችኝ። እኔ እቃ አነሣለሁ፣ እቃ አስቀምጣለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣሁበት ነጠላ ገና ትከሻዬ ላይ ነበር። የምሕረት ኪዳን በሚባለው ቀን፣ እመቤቴን ተሳልሜ በመጣሁበት ከንፈር፣ ዝም አልሁ።

ቀትር ሲቃረብ አፑን ከፈትሁና እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጣልሁ። «ወይኔ! ወይኔ አያንቱ! የፈረንጅ አሥራ ስድስት ኖሯል! ያለፈው ሐሙስ ነበር! ቁጥሩ አሳሳተኝ!» ደረቴን መታሁ። እንባም መጣልኝ። ያ እንባ ከየት መጣ? ዛሬም አላውቀውም።

አያንቱ ተነሥታ አቀፈችኝ። «አይዞሽ፣ ያ ዘነቡ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ የፈረንጅ ቀን ነው። የተማርሽ አይደለሽ» አለች። «ሌላ ቀን ታሳየኛለች።» እኔን አባበለችኝ። ጭኮውን እኔ ጋ ትታ ሄደች። «አንቺ ብይው፣ ብዙ አልቅሰሻል» አለችኝ። በላሁት።

አለመማሬን መደበቂያ አደረግሁት። ሁሉም አመነኝ። ብዙነሽ እንኳ «እኔም ሁልጊዜ ይምታታብኛል» አለች። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት የፈረንጅ ቀን ብትስት ማን ይጠረጥራል? ግድግዳዬ ላይ ግን ቀይ ክብ ነበረች። የየካቲትን ገጽ ገንጥዬ እሳት ውስጥ ከተትኋት። መሳሳት ቢሆን ኖሮ ለምን አቃጥላት ነበር?

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ገባኝ። «ከውኃው በታች» ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በሰኔ አንድ ቀን ቀስቷ ጠፋች። ሰማያዊው ባሕር አለ፣ ቀስቷ የለችም። ሲፈን ከየብስ ሲርቁ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ግን እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ። እግዜር «ልጅ ደበቅሽ፣ እኔም ልደብቅብሽ» ያለኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። ቅቤ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ስልክ አያለሁ፤ ገዢው ቆሞ ይጠብቀኛል። በሦስተኛው ቀን ቀስቷ ብቅ አለች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ «ዛሬውኑ ለአያንቱ እነግራታለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ቅዳሜ መጣች። የት ደረሰች አለችኝ። የደረሰችበትን ነገርኋት። ሌላውን አልነገርኋትም። ልጄ ደህና ስትሆን ቅናቴም ደህና ሆነ።

በሐምሌ አያንቱ በጎረቤቷ ክንድ ተይዛ መጣች። በሩንና መስኮቱን መለየት ተስኗታል። ጠብታውን አንድ ቀን አላቋረጠችም፤ በሽታው ግን አልጠበቃትም። ድምፄን ተከትላ ወደ እኔ ዞረችና «መሸብኝ፣ ያ ዘነቡ» አለችኝ። ጠዋት ነበር።

በነሐሴ ሲፈን ምስል የሚሠራበት ወደብ ደረሰች። አያንቱ እኔ ጋ ነበረች፤ ያን ቀን በትክክል ነበር የነገርኋት። ምን ዋጋ አለው? ስልኩን ጣሳው ላይ አስደገፍሁት። «አዮ! ይኸው መጣሁ!» አለች ሲፈን። አያንቱ ወደ ድምፁ ዞረች፤ ትንሽ ስታ ወደ ጣሳው። ሲፈን ፊቷን አስጠግታ ስልኩን ሞላችው፤ እያለቀሰች ነበር።

«ያኔ ሞምባሳ ለምን እምቢ አልሽኝ፣ አዮ? ያኔ እኮ ታይኝ ነበር። ምን ያደርግልኛል ማለትሽን እማዬ ነገረችኝ።»

አያንቱ ፊቷን ከስልኩ ወደ እኔ መለሰች። ዓይኖቿ አያዩም፤ ግን በቀጥታ ወደ እኔ ነበሩ። እኔ ትንፋሼን ያዝሁ፣ የሌለሁ ይመስል። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰችና፣

«ሥራ ነበረብኝ፣ ልጄ» አለች። «ሰነፍሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጄ አለቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ። የእኔን ውሸት ተሸክማ ነው ያለቻት። እኔ ያን ቃል እንዳልሰማ ብዬ ሐሙሱን ሰረቅሁ፤ ቃሉ ግን መጣ፣ በእኔው ውሸት ላይ ተቀምጦ መጣ።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። የልጅቱን ግንባር ፈለገች፤ ጉንጯን ፈለገች። ጣቷን ስልኩ ላይ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ጎተተች። «ቀዝቃዛ ነሽ» አለች። ጣቷ ቀዩን ምልክት ነካ፤ ጥሪው ተቋረጠ።

«የት ሄደች?» አለችኝ።

«ነክተሽው ተዘጋ» አልኋት።

«እኔ ነኝ የዘጋሁባት?»

«አይደለሽም» ማለት ነበረብኝ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ከየካቲት ጀምሮ የዘጋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌው በር እንዳትዘጊባት ያሉኝ እኔን ነበር። እኔ ግን ስልኩን አንሥቼ መልሼ ለመደወል ታገልሁ፤ አልያዘልኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አያንቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ታውቃለች፤ ማወቋን አውቃለሁ። ብትሰድበኝ፣ ገበያ መሐል ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንደ ድሮዋ ትመጣለች፤ ቅቤዋን ታወርዳለች፤ «ኢንተላ ኬኛ የት ደረሰች?» ትላለች። አሁንም ልጃችን ነው የምትለው። አነብላታለሁ። አንድ ቅዳሜ ብዙነሽ «እኔ ላንብብልሽ፣ የዘነቡ ዓይን ደክሟል» ብላ ቀለደች። አያንቱ «ይቺ ታንብብልኝ» አለች። ይቅር ብላኝ ነው? ወይስ በየሳምንቱ እውነት እንድናገር እያስገደደችኝ ነው? አላውቅም። ለመጠየቅ መጀመሪያ መናገር አለብኝ።

አሁን የሲፈን ኮንትራት አልቋል። ትናንት ጠዋት መልእክት ላከች። ከመርከቧ ወርዳለች፤ ሐሙስ ነቀምቴ ትገባለች። «ሁለታችሁም መናኸሪያ ጠብቁኝ» አለች። አፑን ከፈትሁ። ቀስቷ እየሄደች ነው፣ ልጄ ሳትኖርበት። ዓመት ሙሉ «ይቺ ልጄ ናት» ስላት የኖርሁት ቀስት ባዶ መርከብ ሆና ትሄዳለች።

የሚያስፈራኝ ይህ ብቻ ቢሆን። ልጄ መጥታ ሁለታችን መሐል ትቀመጣለች፤ ሞምባሳ ይነሣል፤ ሐሙስ ይነሣል። እንደ ጉዲፈቻው ወግ የእኔ ናት፤ ግን የትኛው ወግ ነው እንዲህ ያደረገችን ሴት «እማዬ» በይ ብሎ የሚያስገድዳት? ብትተወኝስ? ዲጋ ሄዳ ብትቀርስ? ይህን ሁሉ እያሰብሁ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የመጣውን ታውቃላችሁ? ለአያንቱ ቀኑን አሳስቼ ልንገራት የሚል ነው። ዓርብ ብላትስ? ሐሙስ ብቻዬን ልጠብቃት፤ አንድ ሌሊት ብቻ ከእኔ ጋር ትደር። የማየት ቀኗን ሰርቄም፣ ውሸቴን አሸክሜም፣ ገና አልጠገብሁም። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር፣ ሞኝ ነበርሁ፣ ያኔ ሌላ ሰው ነበርሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ያው እኔ ነኝ።

ስልኩን አንሥቼ ዲጋ ደወልሁ። አያንቱ አነሣች።

«ሲፈን ሐሙስ ትገባለች» አልኋት።

በስልኩ ከብት ሲጮህ ይሰማኛል፤ ሰው ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ ያለ ቁጣ፣ የጨው ዋጋ እንደምትጠይቅ ሆና፣

«ይኼኛው ሐሙስ ነው፣ ወይስ የዚያኛው?» አለችኝ።

«ይኼኛው» አልኋት። «ይኼኛው ነው፣ አያንቱ። ይኼኛው።»

«እሺ» አለች። «ረቡዕ እመጣለሁ።»

አንድ ቀን ቀድማ ትመጣለች። ሐሙስን ከእንግዲህ ለእኔ አደራ አትሰጥም።

ረቡዕ ስትመጣ ስልኩን አላነብላትም። ይህን ደብተር አነብላታለሁ፤ በአማርኛ የጻፍሁትን በኦሮምኛ፣ በራሴ አፍ፣ ከ«ነበረ፤ ምላሴ ሥር ነበረ» ጀምሮ። ማየት ስለማትችል ፊቴን ከእሷ መደበቅ አያስፈልገኝም፤ እንዲህም ሆኖ ከመታወሯ የማተርፈው እኔ ነኝ። ሐሙስ ለሲፈን አነበዋለሁ። ከዚያ ወደ አባ እሄዳለሁ፤ «ሌላስ?» ሲሉኝ ሌላ አለ እላለሁ።

እናንተ ግን ይቅር አትበሉኝ። ሐሙሱ የእናንተ አልነበረም።